የጭንቅላት ተጎጂዎች ዳጉ

ሰው ከመኪና አደጋ ተርፎ ከሆስፒታል ሲወጣ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ «ተመስገን፣ እጅ እግሩ ደህና ነው» ይባላል፤ በግ ይታረዳል። እኔ የነርስነት ዘመኔን አብዛኛውን የሠራሁት በጉ ተበልቶ፣ እንግዳው ተበትኖ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ኑሮ ላይ ነው። እጅ እግሩ ደህና ሆኖ፣ የቤቱ ሰው ግን «ይኼ ሰውዬ ማነው?» እያለ የሚደነግጥበት ኑሮ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ሲስተር፣ ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ሐሩር ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ይሉኛል። «ስደነግጥ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔ ግን የምሬን ነው።

የአንኮበር ልጅ ነኝ። ብርድ ለምጄ ያደግሁ ሰው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ዕጣዬ መልካ ወረር ሲሆን፣ እናቴ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችልኝ። ጥጥ እርሻው ዳር ባለች ክሊኒክ ወባና የእባብ ንክሻ ሳክም ቆየሁ። የበረሃ አበል ነበረን፤ የዓመት ፈቃድ ለመውጣት ስንት ፊርማ እንደሚለቀም ደግሞ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ስለሚያውቀው አላደክማችሁም። ከዚያ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተዛወርኩ። አዋሽ ያኔ የባቡር ከተማ ነበረች፤ ሰው ሰዓቱን በባቡሩ ጡሩምባ ነበር የሚያውቀው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት መጥቶ ወደቡ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ከዞረ በኋላ ግን የተሳቢ መኪና ከተማ ሆነች። ጤና ጣቢያችን ከመንገዱ ብዙ ስለማይርቅ፣ ያ መንገድ የጣለውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምናነሳው እኛ ነበርን። ጭንቅላቱ የተመታውን ደሙን አቁመን፣ አንገቱን ደግፈን፣ ወደ አዳማ እንልካለን። የሞተ ይሞታል፣ የተረፈ ይመለሳል። ሥራችን እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለን ነበር።

እንዳላለቀ ያሳየችኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የባቲ ሴት ናት፤ አውቶቡስ ለምሳ በሚያቆምበት በኩል ምግብ ቤት አላት። ባሏ ሰይድ የተሳቢ ሾፌር ነበር። መተሃራን አለፍ ብሎ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ፣ ግንባሩ ከመስታወቱ ጋር ተላትሞ፣ አዲስ አበባ ብዙ ተኝቶ ድኖ መጥቷል። አንድ ቀን ዘይነባ እጇን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ስፈታው ተቃጥሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ሰይድ ሻይ ደፋብኝ።»

ክው አልኩ። ሰይድ ማለት ከተማው በሙሉ በትዕግሥቱ የሚያውቀው፣ ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ነው።

«ስኳር አበዛሽ ብሎ ነው» አለች። «ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወላሂ ሲስተር፣ እሱ አይደለም። ከሆስፒታል ሌላ ሰው ነው የሰጡኝ። ጂን ነው ተብሎ ቁርአን ተቀራበት፣ ዱዓ ተደረገለት። እሱም መዳን ይፈልጋል። ግን እንዴት?»

በትምህርት ቤት ስለ ጭንቅላት ጉዳት የተማርኩት ሰውየው እንዳይሞት ስለማድረግ ብቻ ነው። ቁስሏን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ ላክኋት፤ ቀኑን ሙሉ ግን «ሌላ ሰው ነው የሰጡኝ» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

መልሱን ይዛ የመጣችው ሲስተር ብርሃኔ ናት። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች፤ በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት። ከአዲስ አበባ ምን እንዳስኮረፋት እንጃ፣ በገዛ ፈቃዷ ነው ወደ አዋሽ የወረደችው። ስለ ሰይድ ስነግራት አልደነቃትም። «እንደሱ ያሉ ሌሎች ፈልጊና አንድ ላይ አስቀምጫቸው» አለች።

«ከዚያ ምን እናደርግላቸዋለን?»

«እኛ? ምንም። እርስ በርሳቸው ነው የሚያደርጉት።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህን ሲሰማ፣ «አንድ ሰይድ መቻል ያቃተን ሰዎች አምስት ሰይድ ልትሰበስቡብን ነው?» አለ። ብርሃኔ አየት አደረገችውና «አግዳሚ ወንበሮቹን የሚያወጣልን ሰው ስጠን» አለችው። ሰጠን።

ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ በየገበያው ቀን፣ ፀሐይዋ ሳትከር ክብ ሠርተን መሰብሰብ ጀመርን። ብርሃኔ ስትሠራ ያየሁትን ሌላ ቦታ አላየሁም። ሰው ከመምጣቱ በፊት ወንበሮቹን ታዞራለች፤ ማንም ጀርባውን ለመንገዱ እንዳይሰጥ ነው፤ የተመታ ጭንቅላትን ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ያስበረግገዋል። የዘበኛውን ሬዲዮ ታዘጋለች። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያወራ አትፈቅድም። «ምንም አልሆንክም እኮ፣ ደህና ነህ» የሚል ጠያቂ ከመጣ በትሕትና ከግቢው ታስወጣዋለች፤ ደህና ላልሆነ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም ትል ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን የክብሪት እንጨቷ ነው። ከሰዎቻችን አንዷ አበበች የምትባል አስተማሪ ነበረች፤ ባጃጅ ገጭቷት ቃላት ይጠፉባታል። «ያንን... ውሃ የሚጠጡበትን...» ብላ ትቆማለች። እኛ ደግሞ ቸኩለን «ብርጭቆ» እንላለን። ብርሃኔ አበበች ስትናገር ክብሪት እንጨት በጥርሷ ትነክሳለች፤ አፏ ቀድሞ እንዳያመልጣት ነው። «ቃሉን አቀበልኳት ስትዪ እየነጠቅሻት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ክብሪት በጋውኔ ኪስ ይዤ መዞር ጀመርኩ፤ ሲስተር ሲጋራ ጀመረች ተብዬ ታማሁ።

ሁመድን ያመጣው የሚስቱ ወንድም ያዮ ነው። ሁለቱም የገዋኔ በኩል አፋሮች ናቸው። ሁመድ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ፍየል የጫነች አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ ተገልብጣ ጭንቅላቱን ተመታ። ላዩን ስታዩት ምንም የለበትም፤ ቁመናው ያምራል፣ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ችግሩ ትዝታው ተበሳስቷል፤ ቀዳዳውን ደግሞ ጭንቅላቱ ራሱ በሌላ ነገር ይሞላዋል። ያልሄደበትን ሄጃለሁ፣ ያላየውን አይቻለሁ ይላል። መዋሸቱ አይደለም፤ አይቻለሁ ብሎ ነው የሚያምነው። እንዲህ ያለ ሰው በሕክምናው ይታወቃል፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ይህ ነገር ለሸገር ሰው ቢሆን ችግር ነው ተብሎ ይታለፋል። አፋር ዘንድ ግን ሰውን ከሰው ተራ ያወጣዋል። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደች፣ የቱ ጉድጓድ ደረቀ፣ ሁሉም በዳጉ ነው የሚታወቀው። የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታ ነው፤ ከብቱም የሚነዳው በዚያ ዜና ነው። ሁመድ ከጉዳቱ በፊት ዳጉው የታመነ፣ ሰው እሱን ለመስማት መንገዱን አቋርጦ የሚመጣለት ሰው ነበር። አሁን ያገኘው ሁሉ ሰላም ይለዋል፣ ጤናውን ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ዳጉ ሳይጠይቀው ያልፋል።

«ብሞት ይሻል ነበር» አለን የመጀመሪያው ቀን። «የሞተ ሰው እንኳ ዜናው ይወራል። እኔ ቁጭ ብዬ ሰው ያልፈኛል። ሚስቴ አስያ እንኳ እኔ ከነገርኳት በኋላ ጎረቤት ሄዳ ትጠይቃለች።»

የመለሰለት ሰይድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክቡ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም።

«እኔ ሚስቴን በሻይ ያቃጠልኩ ሰው ነኝ» አለ። «ለማንም አልተናገርኩም። በዚህች ምድር ላይ ከራሱ የተጣላ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ሁመድ አየውና «ምን አድርጋህ?» አለ።

«ስኳር አብዝታ።»

«ስኳር አብዝታ?»

«አዎ። ስኳር አብዝታ።»

ሁመድ ሳቀ። ሰይድ አሁን ይገነፍላል ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሰይድም ሳቀ። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አበበችም ቃል ሳያስፈልጋት አብራ ሳቀች። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። ስንት ክኒን፣ ስንት ምክር፣ ስንት ሽምግልና ያልከፈተውን የዚያን ሰውዬ አፍ የከፈተው እንደሱ የተጎዳ ሰው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰይድ ንዴቱ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ከሁመድ ተማረ፤ እቃውን አስቀምጦ፣ ሳይናገር፣ ወጥቶ የቆሙትን መኪኖች ጎማ እየነካ መዞር። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ጎማ ሊሰርቅ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ዘይነባም ሻዩን ያለ ስሕተት መቅዳት ጀመረች፤ «ስኳሩን አንተው ጨምር» እያለች።

ብርሃኔ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። ክቡ ውስጥ ማንም ማንንም አያርምም። ሁመድ ያልሆነውን ሆነ ቢል እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን፤ ሲጨርስ «እሺ፣ ሰምተንሃል» ይባላል። ሰው ፊት የታረመ ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም ብላ ነው፤ ይህንንም የተማረችውና በሥራዋም ያየችው ነው። ሕጉ ለአበበች ሠርቷል፤ ለሰይድም ሠርቷል።

ድርቁ በጠናበት ወቅት አንድ የገበያ ቀን ሁመድ ተራው ደረሰና ተናገረ። አላይደጌ ሜዳ ላይ ዝናብ ጥሏል አለ። እዚያ ነበርኩ፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፏል፤ ውሃ አቁሯል፤ ሜዳው ላይ ሰው ገና አልደረሰም አለ። ነገሩን በቅደም ተከተል፣ ሳይደነቃቀፍ፣ እንደ ድሮው ዓይነት አድርጎ ነገረን። እውነት ይሁን አይሁን ማናችንም አናውቅም፤ ብቻ ደመና አየሁ የሚል ሌላ ሰው አልነበረም። ሰይድ አየኝ፣ እኔ ብርሃኔን አየሁ። ብርሃኔ «እሺ ሁመድ፣ ሰምተንሃል» አለች። ፊቱ ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ። ያዮ እንደ ልማዱ ቧንቧው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያዮ ሁመድን የሚያገኘው ከገበያ ገበያ ነው፤ በመሃል የት እንደዋለ አያውቅም። እሱም እየሰማ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም።

ከሳምንታት በኋላ ያዮ ብቻውን መጣ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ሰነበታችሁ የለ፤ አፋር ሆኖ ሳይጠይቅ ሲገባ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሽርጡ አቧራ ብቻ ነው። ወንበሮቹን ስናወጣ ነበር። መሃላችን ቆመና «ሣሩ የታለ?» አለ።

ብርሃኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እኔ ግን ቀድሞ ገባኝ፤ የያዝኩትን ወንበር አስቀመጥኩ። ያዮ ከብቱን ይዞ አላይደጌ ወርዷል። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ዳጉውን አድርሷል፤ ጎረቤቶቹም ከብታቸውን ይዘው ተከትለውታል። እዚያ ሲደርሱ ሜዳው ምድጃ ነው። ወደ ወንዙ ለመመለስ ሲሞክሩ ጥጆቹ አለቁ፤ ላሞቹ ተከተሉ። የተመለሰው ጥቂት ነው።

«ሁመድ የታመመ መሆኑን እያወቅክ ለምን አመንከው?» አለችው ብርሃኔ።

«እሱን አላመንኩም» አለ ያዮ። «እናንተን ነው ያመንኩት። የተማራችሁ ሰዎች ክብ ሠርታችሁ ተቀመጣችሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችሁት። አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁት እሺ አላችሁት። እኛ ዘንድ ዳጉ ሲነገር ሰሚው ይጠይቃል፤ ጠይቆ ጠይቆ እሺ ካለ እውነት ነው ማለት ነው። ሐኪሞቹ ካመኑት ድኗል አልኩ።»

ብርሃኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሰውን ለማክበር ያወጣችው ሕግ ነው ሜዳ ላይ ከብት የጨረሰው። እኔ በበኩሌ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ፤ ዛሬም ሳስበው እንደዚያው ያደርገኛል።

ሽማግሌዎች ገዋኔ አጠገብ ጠሩን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤ እንጽፋለን እንጂ ሰው አንልክም ብሎ ነበር፤ ብርሃኔ «እኔ ነኝ ሰምተንሃል ያልኩት፤ እኔ ነኝ የምሄደው» አለች። እኔም ተከተልኳት። ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሁመድ መሃል ላይ ጭንቅላቱን ደፍቶ ነበር። ያዮ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ የከብቱን ካሣ ከሁመድ፣ እኅቱን አስያንና ልጆቿን ደግሞ ወደ ቤተ ዘመድ። ሁመድ ከብትም ሚስትም አጥቶ ሊቀር ነው ማለት ነው። እመቤቴን እያልኩ ተቀመጥኩ።

ብርሃኔ ተራ ሲሰጣት ስለ ጭንቅላት አስረዳች። የተመታ ጭንቅላት ባዶ ቦታ እንደማይወድ፣ ሰውየው ሳያውቅ እንደሚሞላው፣ ሰው ፊት ሲታረም ደግሞ እንደሚሸማቀቅ፣ መንገደኛውም ዳጉ ሳይጠይቀው እንደሚያልፈው ነገረቻቸው። አስተርጓሚው ሲጨርስ፣ ዋናው ሽማግሌ ዱላውን እያሻሸ ቆየና ጠየቃት።

«በዓይንህ ነው ያየኸው ወይስ ሰምተህ ነው ብላችሁ ጠየቃችሁት?»

«አልጠየቅነውም። እንዳናርመው ብለን ነው።»

«መጠየቅ ማረም ነው እንዴ?»

ብርሃኔ ዓይኗን ወደ ሁመድ አዞረች።

«እሱ መታመሙን እናውቃለን» አለ ሽማግሌው። «ሰሚዎቹ ግን ጤነኞች ናችሁ። ያዮም ጤነኛ ነው፤ እናንተም ጤነኞች ናችሁ። ሰው ስታከብረው ትጠይቀዋለህ። የምትንቀውን ነው ሳትጠይቅ የምታሳልፈው። በመንገድ ላይ ሳይጠይቁት ያልፉታል አላችሁ፤ እናንተም ተቀምጣችሁ አለፋችሁት።»

ካሣው በሁመድ ላይ አይጣልም ተባለ፤ ጥፋቱ የሰሚዎች ነው። ደነገጥኩ፤ ወቀሳው እኛ ላይ መውደቁ አይደለም ያስደነገጠኝ፣ ትክክል መሆኑ ነው። ያዮ ፍርዱን ተቀበለ። ግን ቆመና «ከብቱን ትቻለሁ፤ እኅቴ ግን ቃሉን ተሸክሜ ልሄድ በማልችለው ሰው ቤት አትኖርም» አለ። ሽማግሌው በዚህ ላይ አናስገድድህም አለው። አስያና ልጆቹ በዚያው ከወንድሟ ጋር ሄዱ። አስያ ዞር ብላ ሁመድን አየችው፤ እሱ ቀና አላለም።

ስንመለስ መልካ ወረር መገንጠያ ላይ ብርሃኔ መኪናው ውስጥ ወደኔ ዞረች። «አበበች ቃሏን እስክታገኝ መጠበቅ ልክ ነው» አለች። «ሁመድን ግን አክብረነው መስሎን ብቻውን ነው የተውነው።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁመድ አልመጣም። ሰይድ ከገዋኔ ጭነት የሚያመላልስ ጓደኛውን ለምኖ፣ ሄዶ አመጣው። ካስቀመጠው በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና «ስማኝ ወንድሜ» አለው። «እኔ መኪና ነው የማውቀው። ጎማ ሲበሳ ጎሚስታ ቤት ትወስደዋለህ፤ ይለጥፍልሃል፤ የልጣፉ ቀለም ሲመሳሰል አትለየውም። የኔና የአንተ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ጎሚስታ ተቀጥሯል፤ ቀዳዳ ባየ ቁጥር ዝም ብሎ ይለጥፋል። እኔ ዘንድ ቁጣ ነው የሚለጥፈው። አንተ ዘንድ ወሬ። ከዛሬ ጀምሮ እጠይቅሃለሁ። በዓይንህ ነው? በጆሮህ ነው? ወይስ የጎሚስታው ነው?»

ሁመድ ተቆጥቶ ተነሥቶ ሄደ። ሰይድ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተከተለው። ሚስቱን በሻይ ያቃጠለው ሰውዬ ነው እንግዲህ የተቆጣ ሰው እየለመነ የሚመልሰው፤ በመስኮት እያየሁ ማመን አቃተኝ። መለሰው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በየገበያው ቀን፣ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ማን አብሮህ ነበር? ያን ቀን ምን በላህ? መንገዱ ላይ ምን ነበር? ሁመድ ይናደዳል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ ይስቃል። አንድ ቀን ስለ አንድ የግመል ገበያ እያወራ መሃል ላይ ቆመ። ማንም ሳይጠይቀው፣ «ቆይ፤ ይኼ የጎሚስታው ነው መሰለኝ» አለ። ብርሃኔ ተነሥታ ቧንቧው ጋ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ ሙቀቱ ነው አለች። ሐኪም እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ለመያዝ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው ይላል። እዚያ ያደረሰው ግን ሐኪም አልነበረም፤ ግንባሩ የተሰፋ ሾፌር ነው።

ብርሃኔ ጡረታ ወጥታ ስትሄድ እኔ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ። ሰመራ ያኔ ጥቁር ድንጋይ ላይ እየተተከለች ያለች ከተማ ነበረች፤ ጥላ ፈልጌ የሆስፒታሉን ግቢ ስዞር፣ ከግንቡ ጥላ በቀር አላገኘሁም። ክቡን እዚያ ጀመርኩት። ሁመድ ሰመራ አጠገብ ወዳለችው ሎጊያ መጥቶ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ የሚጫኑ ከብቶች በሚያርፉበት በረት ሥራ አግኝቶ ብቻውን ይኖራል። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። «እኔ ጭንቅላቴ ተመትቷል፤ ያላየሁትን አወራለሁ። አንተስ?» ይላል። ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሆነውን ማየት ነበር፤ ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው ያን ጊዜ ይናገራል። አሁን አሁን ወጣቶቹ ነርሶች ክቡን በቴሌግራም አድርገውታል፤ የድምፅ መልእክት ይላላካሉ። መጥፎ አይደለም፤ ከሚሌም ከአዋሽም ሰው ይገባበታል። ብቻ ሁመድ ድምፁን ከመላኩ በፊት ሁለቴ ሦስቴ ሲያዳምጠው አየዋለሁ።

ልጆቹን በዓመት አንዴ ሁለቴ ያያቸው ነበር፤ በሰው ቤት፣ እንደ እንግዳ። አስያ ሌላ አላገባችም። ያዮ ደግሞ ከዚያ ፍርድ በኋላ ሁመድ ባለበት ተቀምጦ አያውቅም።

ጡረታዬ ሲቃረብ እንደገና ክፉ ድርቅ መጣ። አንድ ጠዋት ክቡ ላይ ሳለን ያዮ በሆስፒታሉ በር ገባ፤ የታመመ ጎረቤት አምጥቶ ነበር። አርጅቷል። ግንቡ ሥር ሁመድን አየና ቆመ። አፋሮቹ ሁሉ ማን እንደሆነ ስላወቁ ወሬያቸውን አቆሙ። እኔ ተነሥቼ መሃላቸው ልገባ ነበር። ያዮ መጣ፣ ሁመድ ፊት ለፊት ቁጭ አለ፣ ዱላውን አጠገቡ አስቀመጠ፣ ከዚያ ዳጉ ጠየቀው። ስንት ዓመት በዚያ አገር ኖሬ አፋርኛ እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ግን ማመን አልቻልኩም። ሁመድም አላመነም፤ ዙሪያውን አየ፣ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሎት።

ከዚያ ተናገረ። ከብት የጫነ መኪና ይዞ ከሚሌ መመለሱን፣ ከወንዙ ማዶ ዝናብ ጥሎ ማየቱን፣ ወርዶ ሣሩን መርገጡን ነገረው። ያዮ ጠየቀ። በዓይንህ ነው? በዓይኔ ነው። ማን አብሮህ ነበር? ሾፌሩ፤ ስሙንም ነገረው፣ የት እንደሚገኝም ነገረው። ጉድጓዶቹስ? እነሱን አላየሁም፤ ውሃ አላቸው ሲል የሰማሁት ከአንድ እረኛ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነም ነገረው። ከዚያ ሁመድ ቀጠለ፤ «ወደ ተራራው በኩል ደግሞ ብዙ መንጋ ሰፍሮ አየሁ...» አለና አቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ይህን አትውሰድ» አለ። «ያየሁት ይመስለኛል። ማየቴን ግን አላውቅም።»

ዳጉው ይታመን የነበረ ሰው፣ ሚስቱን በወሰደበት ሰው ፊት፣ አላውቅም አለ። አለቀለት አልኩ በልቤ። በቃ፣ ያዮ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ ዓመት ገደል ገባ አልኩ።

ያዮ ስልኩን ከሽርጡ አወጣ። ልጁ ጋ ደወለ፤ እንደ ሁሉም የገጠር ሰው ስልኩን ከጆሮው አርቆ ነው የሚጮኸው፣ የልጁም ድምፅ ለሁላችን ይሰማል። ከብቱን አንሣና ወደ ሚሌ ማዶ ንዳ አለው። ሣሩ በዓይን የታየ ነው፣ ጉድጓዱ በጆሮ የተሰማ ነው፣ ከተራራው በኩል ያለው ግን አይታወቅምና እየጠየቅክ ሂድ አለው።

«ማነው የነገረህ?» አለ ልጁ።

«ሁመድ።»

«የቱ ሁመድ?»

ያዮ ቀና ብሎ ሁመድን አየው።

«የአክስትህ ባል ነዋ» አለው።